ዓለም ስንት ናት?

ጆን ዊለር የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ። «ብላክ ሆል» (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው፣ እጅግ የተጨመቀ ነገር) የሚለውን ስም በ1960ዎቹ መጨረሻ ያስለመደው እሱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀየርኩ ላደናግራችሁ አልፈልግም።) ሪቻርድ ፋይንማንን ለዶክትሬት ያበቃውም ይኸው ሰው ነው። እኔ ግን ስለ ዊለር ባነበብኩ ቁጥር ቀልቤን የሚወስዱት ሌሎች ሁለት ተማሪዎቹ ናቸው።

አንደኛው ሂዩ ኤቨሬት ይባላል። በ1957 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ከልብ ከተከተሉት፣ ዓለም አንድ ብቻ አይደለችም ወደሚል ድምዳሜ ያደርሳል። ሁለተኛው ጄኮብ ቤከንስታይን ነው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ እዚያው ፕሪንስተን፣ እዚያው ዊለር ዘንድ፣ ስለ ብላክ ሆል አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ያ ሐሳብ ውሎ አድሮ የደረሰበት ቦታ ደግሞ ይኼ ነው፦ አንድ ስፍራ ሊይዘው የሚችለው መረጃ ልክ አለው። አንዱ ተማሪ ዓለምን አበዛት። ሌላው ጣሪያ ሠራላት።

ሁለቱ ሐሳቦች ተስማምተው መኖር ይችላሉ ወይ? ጥያቄውን ያነሳብኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ዳታ ሴንተር ውስጥ ይሠራል። ውሎው ከሰርቨር ጋር ስለሆነ ስለ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቦታ ይፈጃል?» ብሎ ነው። ስለ ኤቨሬት የሆነ ቪዲዮ አይቶ ደወለልኝና «እሺ፣ ዓለም በየሰከንዱ ትባዛለች እንበል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ስቶሬጅ የት ነው?» አለኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። ትልልቅ የፊዚክስ ሰዎች ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም አላለቀም።

ከኤቨሬት ልጀምር። ሽሮዲንገር በ1926 ያወጣው የኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ፣ ቀመር ኤሌክትሮንን አንድ ቦታ ላይ አያስቀምጣትም። እዚህም ናት፣ እዚያም ናት። ለእያንዳንዱ ቦታ ቀመሩ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከተዉት ዝም ብሎ እንዲሁ ይቀጥላል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። እኛ ግን በመሣሪያ ስንለካ የምናገኛት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መማሪያ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ሕግ ጨመሩ፦ ስትለካ አንዱ ቦታ ይቀራል፣ ሌሎቹ ይጠፋሉ። ለምን ይጠፋሉ? መለካት ማለት ምንድን ነው? መሣሪያውስ ራሱ ከአተም የተሠራ አይደለም ወይ? እኔ በተማርኩበት ክፍል ይህን የጠየቀ ልጅ «ፈተና ላይ አይመጣም» ተብሎ ቁጭ አለ።

ኤቨሬት ሁለተኛውን ሕግ ሰረዘው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። ዓለማትን ከኪሱ አውጥቶ አልጨመረም፤ አንድ ሕግ ቀነሰ እንጂ። መሣሪያውንም፣ መሣሪያውን የሚያየውንም፣ ሁሉንም በመጀመሪያው ቀመር ውስጥ አስገባቸው። ተመልካቹን ሲገልጽም ስለ ነፍስና ስለ ንቃተ ሕሊና አላወራም። ማስታወሻ ያለው ማሽን አደረገው፤ በቃ። ኤሌክትሮኗ እዚህም እዚያም ከነበረች፣ ከተለካች በኋላ የማሽኑ ማስታወሻም ሁለት ዓይነት ይሆናል። «እዚህ አየኋት» የሚል አለ፣ «እዚያ አየኋት» የሚልም አለ። ሁለቱም ቀመሩ ውስጥ አሉ። አንደኛው ስለ ሌላኛው የሚያውቀው ነገር የለም። «ብዙ ዓለማት» የሚለውን ስያሜ በሰፊው ያስለመደው ኤቨሬት ራሱ ሳይሆን ብራይስ ዲዊት ነው፤ ያውም ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1970 አካባቢ።

ኤቨሬት በ1959 ኮፐንሃገን ሄዶ ከኳንተም ፊዚክስ አባቶች አንዱ ከሆነው ከኒልስ ቦር ጋር ተገናኝቷል። ውይይቱ የትም አልደረሰም። ኤቨሬት ያኔ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ፔንታጎን ገብቶ፣ የኑክሌር ጦርነት ስሌት እየሠራ ነበር። በ1982፣ በ51 ዓመቱ፣ በልብ ሕመም ሞተ። መምህሩ ዊለር መጀመሪያ ደግፎት ነበር፤ ኋላ ላይ ከሐሳቡ ራቅ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ዲቪ ላንሳ። እኔና የቨርጂኒያው ጓደኛዬ ዲቪ የሞላነው አንድ ቀን፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተን ነው። ለእሱ ወጣለት። ለእኔ አልወጣም። «በሌላኛው ዓለም እኮ አንተ ነህ እዚህ ያለኸው፤ እኔ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ» ይለኛል። ደስ ይላል፣ ግን ቀመሩ እንዲህ አይልም። ዓለም የምትለያየው ሰው ሲወስን ወይም ዕጣ ሲወጣ አይደለም። የምትለያየው አንዲት ቅንጣት የነበረችባቸው ሁለት ሁኔታዎች በዙሪያዋ ባለው ነገር ላይ የተለያየ አሻራ ሲተዉ ነው። የዲቪ ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር «በዘፈቀደ» የሚለው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀመር የተሰላ ነው፤ መነሻው አንድ ከሆነ ውጤቱም ያው ነው። እኔ ቨርጂኒያ ያለሁበት ዓለም መኖር አለመኖሩ እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ይወሰናል። ብስጭቴን ለኳንተም ፊዚክስ ላስረክብ አስቤ ነበር፤ አልተቀበለኝም።

ይህ አሻራ የመተው ነገር ዲኮሄረንስ ይባላል። ጀርመናዊው ዲተር ዜህ በ1970 ጀመረው፤ ዎይቼክ ዙሬክ በ1980ዎቹ አስፋፋው። አንዲት የአቧራ ብናኝ እዚህም እዚያም ብትሆን፣ የሚነካት አየርና የሚያርፍባት ብርሃን የት እንደነበረች ወዲያው ይዘው ይበተናሉ። ያ የተበተነ አሻራ ተመልሶ ካልተሰበሰበ ሁለቱ ታሪኮች ዳግመኛ አይገናኙም። ስለዚህ በኤቨሬት መንገድ «አንድ ዓለም» ማለት እርስ በርሱ የማይጋጭ የመዝገብ ስብስብ ማለት ነው። የእኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ትዝታ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን፣ ሁሉም አንድ ወሬ ሲያወሩ አንድ ዓለም አለ እንላለን። ይህችን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ተማሪ ጋ እንምጣ። ዊለር አንድ ቀን ለቤከንስታይን እንዲህ ያለ ጨዋታ አነሳለት። ትኩስ ሻይና ቀዝቃዛ ሻይ አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ ወንጀል እንደሠራሁ ይሰማኛል፤ ሁለቱ ለብ ሲሉ የዩኒቨርስን ኢንትሮፒ ጨምሬያለሁና። ብላክ ሆል ካለ ግን ሁለቱንም እዚያ ወርውሬ ማስረጃውን አጠፋለሁ። ኢንትሮፒ ማለት፣ ከውጭ ሲታይ አንድ የሚመስል ነገር ከውስጡ በስንት ዓይነት መንገድ ተደርድሮ ሊሆን እንደሚችል የሚለካ ነው። ከእኛ የተሰወረው መረጃ መጠን ነው ብትሉም አልተሳሳታችሁም። አጠቃላይ መጠኑ አይቀንስም፤ ይህ ከፊዚክስ ጠንካራ ሕጎች አንዱ ነው። ታዲያ ወደ ብላክ ሆል ሲገባ የት ይሄዳል?

ቤከንስታይን ያመጣው መልስ ለጊዜው እብደት ይመስል ነበር። ማስረጃው አይጠፋም አለ። ብላክ ሆሉ ራሱ ኢንትሮፒ አለው። መጠኑም የሚታወቀው በውስጡ ባለው ቦታ ስፋት ሳይሆን በላይኛው ገጹ ስፋት ነው። ስቴፈን ሃውኪንግ መጀመሪያ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። በ1974 ግን ያው ሃውኪንግ ሲያሰላ ብላክ ሆል ሙቀት እንደሚያወጣ አገኘ፤ ሙቀት ያለው ነገር ደግሞ ኢንትሮፒ አለው። ተቃዋሚው ራሱ ምስክር ሆኖ መጣ። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ መልካም ሽንፈት ብዙ አላየሁም።

የገጹ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። አንድን ክብ ነገር ራዲየሱን እጥፍ ብናደርገው በውስጡ ያለው ቦታ 8 እጥፍ ያድጋል። ብላክ ሆል ሊይዘው የሚችለው መረጃ ግን 4 እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ልክ እንደ ገጹ። ዳታ ሴንተሩ ውስጥ የተደረደረው ሰርቨር ሁሉ ሳይቆጠር የሚቆጠረው ግድግዳው ብቻ ነው እንደማለት ነው። ሄራርድ ት ሆፍት በ1993፣ ሊዮናርድ ሰስኪንድ በ1995 ይህን ወደ ትልቅ መርሕ አሳደጉት፦ የአንድ ስፍራ መረጃ በሙሉ በዳር ገጹ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ቤከንስታይን በ1981 አንድ እርምጃ ቀጠለ። ብላክ ሆል ላልሆነ ነገርም ጣሪያ አወጣለት። ጣሪያው በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዕቃው መጠንና በውስጡ ባለው ኃይል። ለምን ጣሪያ ኖረ? መረጃ ለመጻፍ ኃይል ያስፈልጋል። በጠባብ ቦታ ኃይል እየጨመራችሁ ከሄዳችሁ የሆነ ጊዜ ላይ ቦታው ራሱ ብላክ ሆል ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ብትጨምሩ የሚሆነው ብላክ ሆሉ መስፋቱ ነው።

ለራሴ አንድ ስሌት ሠራሁ። 200 ግራም የሚመዝን ስልክ ወሰድኩ፤ ራዲየሱ 8 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ውስጥ ይገባል። በቤከንስታይን ቀመር ጣሪያው ወደ 4×10⁴¹ ቢት መጣልኝ (አንድ ቢት ማለት አንድ «0 ወይም 1» ነው)። 256 ጊጋባይት ማለት 2×10¹² ቢት ገደማ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ሲላችሁ፣ ከተፈጥሮ ጣሪያ ለመድረስ ገና 29 ዜሮ ያህል ይቀራችኋል። ምድራችንን በሙሉ ጨምቀን ብይ ብናሳክላት፣ ማለትም ራዲየሷን 9 ሚሊሜትር ብናደርገው፣ ብላክ ሆል ትሆናለች፤ የምትይዘውም 10⁶⁶ ቢት ገደማ ነው።

ዩኒቨርስስ? በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ከዋክብትን) ብርሃን ለክተው የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ እንደሆነ አገኙ። መፍጠኑ የዋዛ አይደለም። እየፈጠነ ከሄደ ከእኛ በ16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ አንድ አድማስ አለ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ዛሬ የሚነሳ ብርሃን መቼም አይደርሰንም። አድማስ ካለ ገጽ አለው። ገጽ ካለው የቤከንስታይንና የሃውኪንግ ሒሳብ ይሠራበታል። ውጤቱ 10¹²² አካባቢ ነው፤ ከ1 ቀጥሎ 122 ዜሮ። የኤምአይቲው ሴት ሎይድ ደግሞ በ2002 በሌላ መንገድ ሄዶ፣ ዩኒቨርስ ከተወለደ ጀምሮ ሊሠራ የቻለው ስሌት ከ10¹²⁰ እርምጃ አይበልጥም አለ።

ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሁለት ሁኔታ ብቻ ያላት አንዲት ቅንጣት ውሰዱ፤ ወይ ላይ ወይ ታች። በኳንተም ቀመር እሷን ለመግለጽ 2 ቁጥር ይበቃል። ሁለት ቅንጣት እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ ማለትም የአንዷ ሁኔታ ከሌላዋ ተነጥሎ መገለጽ ሲያቅተው፣ 4 ቁጥር ነው። ሦስት ሲሆኑ 8። አሥር ሲሆኑ 1024፣ ማለትም 1000 ብላችሁ ያዙት። 400 ሲሆኑ 1000ን በራሱ 40 ጊዜ ማባዛት ነው፤ 10¹²⁰ ይመጣል። 400 አተም በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ሁኔታቸውን ጻፉ ብንባል ግን የዩኒቨርስ አቅም በሙሉ ተሟጦ ያልቃል። 401ኛዋን ስንጨምር እጥፍ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ፖል ዴቪስ በ2007 ይህችን ቁጥር አንስቶ ድንበር ናት አለ። የተነሳው ከሮልፍ ላንዳወር ነው። ላንዳወር የአይቢኤም ሰው ነበር። በ1961 አንድ ቢት መረጃ ማጥፋት የግድ የሆነ ያህል ሙቀት እንደሚያስወጣ አሳየ፤ በ2012 በሙከራም ታይቷል። መረጃ ከአየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም፤ የሚጻፍበት ዕቃ ይፈልጋል። ዴቪስ ቀጠለና እንዲህ አለ፦ የተፈጥሮ ሕግም ከዚህ ነጻ አይደለም። ዩኒቨርስ አቅሙን በሙሉ አውጥቶ እንኳ ሊያሰላው የማይችለውን ነገር ሕጉ ሊጠይቀው አይችልም። ስለዚህ 400 አካባቢ ቅንጣቶች በደንብ ሲጠላለፉ የኳንተም ቀመር መንገዳገድ አለበት።

የኦክስፎርዱ ዴቪድ ዶይች ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሒሳብ ይዞ ተቃራኒውን ብሎ ነበር። ፒተር ሾር በ1994 ባገኘው ዘዴ ኳንተም ኮምፒውተር (በኳንተም ሕግ የሚያሰላ ማሽን) 250 አኃዝ ያለውን ቁጥር ወደ አካፋዮቹ ቢበትን፣ የሚጠይቀው አቅም በዓይናችን ከምናየው 10⁵⁰⁰ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሚታየው ዩኒቨርስ ያሉት አተሞች 10⁸⁰ ገደማ ናቸው። እንግዲያው ስሌቱ የት ተሠራ? መልሱ ለዶይች ግልጽ ነው፤ በሌሎቹ ዓለማት።

አያስገርምም? ለዴቪስ፣ ቤቱ ስለማይበቃ እንግዳው አይመጣም። ለዶይች፣ እንግዳው ስለመጣና ቤቱ ስላልበቃ ጎን ሌላ ቤት አለ። ሒሳቡ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም የማይስቁ፣ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው።

እኔን ሁለቱም አያሳምኑኝም፤ ምክንያቱም አንድ ነው። ሁለቱም እነዚያን ግዙፍ ቁጥሮች የሚቆጥሩት የሆነ ቦታ እንደተከማቸ ዕቃ ነው። 400 ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ። ጎፈር ወይስ ዘውድ? ሳንቲሞቹ በሆነ መንገድ እርስ በርስ የተያያዙ ከሆነ፣ ሊወጣ የሚችለውን ድርድር ሁሉ ከነዕድሉ ልጻፍ ብትሉ 2ን 400 ጊዜ ያባዛችሁትን ያህል ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ያው 10¹²⁰ ነው። ሳንቲሞቹ መሬት ላይ ሲያርፉ የሚነግሯችሁ ግን 400 «ጎፈር ወይም ዘውድ» ብቻ ነው። ሳንቲም ስለወረወርን ዩኒቨርስ ሞላ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የሶቭየቱ የሒሳብ ሊቅ አሌክሳንደር ሆሌቮ በ1973 ለኳንተምም እንዲሁ እንደሆነ አረጋገጠ። 400 ኪዩቢት (ሁለት ሁኔታ ያላቸው የኳንተም ቅንጣቶች) ውስጥ የፈለጋችሁትን ብትጠላልፉ፣ አንብባችሁ የምታወጡት ከ400 ቢት አይበልጥም።

ዋናው ነገር ደግሞ የቤከንስታይን ጣሪያ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። አንድ ስፍራ ተለይተው የሚታወቁ ስንት ሁኔታዎች ሊኖሩት ይችላሉ ብሎ ይጠይቅና መልሱን በቢት ይነግረናል። በእሱ ደብተር 400 ኪዩቢት 400 ቢት ነው፤ ከ10¹²² ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። ዴቪስ የመግለጫውን ርዝመት ከአንድ ደብተር ወስዶ ከሌላ ደብተር ጣሪያ ጋር አስተያየው። ለዶይችም መልስ የሰጠው ሰው አለ። አንድሩ ስቲን በ2003 ኳንተም ኮምፒውተር የሚፈልገው አንድ ዩኒቨርስ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። ስቲንም የኦክስፎርድ ሰው ነው። ሻይ ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚተያዩ ማየት ነበር።

እንዲህ ብዬ ግን መገላገል አልችልም። የሳንቲሙ ዕድል እኛ ስላላወቅን የጻፍነው ነው። የኳንተም ቁጥሮች እንደዚያ አይደሉም። ይደማመራሉ፣ ይጠፋፋሉ፤ አንዱ መንገድ ሌላውን ሰርዞት ውጤቱን ይቀይራል። ያልሆነ ነገር የሆነውን እንዴት ይሰርዛል? በ2012 ፑሲ፣ ባሬትና ሩዶልፍ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ጥቂት ምክንያታዊ ግምቶችን ከተቀበልን፣ እነዚህ ቁጥሮች የእኛ አለማወቅ መግለጫ ብቻ ሊሆኑ እንደማይችሉ አሳዩ። ስለዚህ የዶይች ጥያቄ ሞቷል ማለት አይቻልም። ቁጥሮቹ የሆነ ነገር ናቸው። ተከማችተው የሚነበቡ ዕቃ ግን አይደሉም።

ለጓደኛዬ የሰጠሁት መልስ ይኼ ነው። ዓለማቱ አዲስ ሰርቨር አይደሉም። ዓለም ስትለያይ አተም አይጨምርም፣ ክብደት አይጨምርም፣ አድማሱ አይሰፋም። የሚለያየው ያው ያለው አቅም የሚደረደርበት መንገድ ነው። «ታዲያ ከልክ በላይ ሊበዙ አይችሉም ማለት ነዋ!» አለ ወዲያው። እኔ ቀናት የፈጀብኝን እሱ ስልክ ላይ ደረሰበት። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው።

አዎ፣ አይችሉም። ኤቨሬት ተመልካቹን ማስታወሻ ያለው ማሽን እንዳደረገው አስታውሱ። ዓለማቱን የሚለያቸው መዝገብ ነው። መዝገብ ደግሞ ቦታ ይይዛል፤ ቤከንስታይን ደግሞ ለመዝገብ ጣሪያ አወጣ። ስለዚህ ሁለቱ ተማሪዎች የሚጣሉ ቢመስሉም ያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ማስታወሻ። በእኛ አድማስ ውስጥ የሚጻፈው ከ10¹²² ቢት ገደማ ካልበለጠ፣ በመዝገባቸው ተለይተው የሚታወቁት ዓለማትም ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። እርግጥ ቁጥሩ የሚጻፍ አይደለም። ከ1 ቀጥሎ የሚደረደሩት ዜሮዎች ራሳቸው ወደ 10¹²² የሚጠጉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ አተም ላይ አንድ ዜሮ ብንጽፍ አተሙ ያልቅብናል። ቢሆንም ማለቂያ የሌለው አይደለም። በአካላዊ ነገር ላይ «ማለቂያ የለውም» የሚባለው ነገር ለእኔ ሁሌም ዕዳ ነው፤ እዚህ ዕዳው ቀለለ።

ከዚህም የባሰ አለ። አዲስ መዝገብ የሚጻፈው ኢንትሮፒ መጨመር እስከቻለ ድረስ ነው። ከዋክብት ጠፍተው፣ ብላክ ሆሎች ተንነው፣ ሁሉም ነገር ለብ ሲል የሚጻፍ ነገር የለም። የዓለማት መለያየትም ያኔ ይቆማል። ራፋኤል ቡሶና ሰስኪንድ በ2011 ነገሩን ይበልጥ አጠበቁት። አሻራ ተመልሶ እንደማይሰበሰብ እርግጠኛ የምንሆነው ከአድማሱ ማዶ ካመለጠ ብቻ ነው አሉ። በተዘጋ፣ በተወሰነ ቦታ ግን፣ ለማሰብ በሚከብድ ረጅም ጊዜ ውስጥ፣ የተበተነው ሁሉ ሊመለስና መዝገቡ ሊፋቅ ይችላል። መዝገብ ከተፋቀ ያ ዓለም ነበረ ማለት ራሱ ያጠያይቃል። ይህ ሁሉ የሚቆመው የአድማሱ ሒሳብ በርግጥም የሁኔታዎችን ቁጥር ይገድባል በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ጠንካራ ነው፤ ማረጋገጫ ግን የለውም።

በነገራችን ላይ ዊለር ራሱ በ1989 ገደማ የሁሉም ነገር ሥር «አዎ ወይስ አይደለም» የሚል ጥያቄ ነው ወደሚል ሐሳብ መጣ፤ ነገር ከቢት ይወለዳል አለ። የሁለቱን ተማሪዎቹን ሥራ አንድ ላይ ሰፍቶ አላየሁትም። እንዲሰፋው ግን በጣም እመኝ ነበር።

በወረቀት የሚነገረው ይህን ያህል ነው፤ የቀረው የላቦራቶሪ ነገር ነው። በ2019 የጉግል ኳንተም ቺፕ ሲካሞር 53 ኪዩቢት ነበረው። አይቢኤም በ2022 ባለ 433 ኪዩቢት ኦስፕሬይን፣ በ2023 ባለ 1121 ኪዩቢት ኮንዶርን አወጣ። ታዲያ 400ን አልፈናል፣ ዴቪስ ተሸነፈ? አልተሸነፈም። ቁጥሩ ቺፑ ላይ ስንት ኪዩቢት እንዳለ አይደለም፤ ስንቱ በንጽሕና ተጠላልፎ ስህተት ሳይውጠው እንደሚቆይ ነው። በዚያው በ2019 ቪየና ውስጥ 2000 ያህል አተም ያለው ሞለኪውል በሁለት መንገድ ባንዴ ሲሄድ ታይቷል። እሱም አይቆጠርም፤ ሞለኪውሉ እንደ አንድ ነገር ስለሄደ የሚጻፍለት ቁጥር ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 2024 ጉግል ባለ 105 ኪዩቢት ዊሎውን ሲያስተዋውቅ፣ የላቦራቶሪው መሪ ሃርትሙት ኔቨን ውጤቱ የዶይችን የትይዩ ዓለማት ሐሳብ እንደሚያጠናክር ጻፈ። ይህ ማስታወቂያ ነው ባይ ነኝ። ቺፑ የሠራው ኤቨሬትም፣ ኤቨሬትን የሚቃወሙትም፣ ሁሉም ይሠራል ያሉትን ነው። ዊሎው ያሳየው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ኪዩቢት ሲጨመር ስህተቱ ከመብዛት ይልቅ መቀነስ ጀመረ።

የምጠብቀው ፈተና የሾር ዘዴ በትልቅ ቁጥር ላይ ሲሠራ ማየት ነው። ባንኮችና ድረ ገጾች ከሚጠቀሙባቸው ቁልፎች አንዱ አርኤስኤ 2048 የሚባለው ነው፤ የሚሰበረው አንድ ግዙፍ ቁጥር ወደ አካፋዮቹ ሲበተን ነው። በ2025 የጉግሉ ክሬግ ጊድኒ ከ1 ሚሊዮን ያነሱ፣ ስህተት የሚሠሩ ኪዩቢቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊሰብሩት እንደሚችሉ አሰላ። ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። ቢሠራና ቁጥሩ ቢበተን የዴቪስ ድንበር ፈረሰ። ዶይች ግን በዚህ አሸነፈ ማለት አይደለም፤ ስቲን አሁንም በአንድ ዩኒቨርስ ያብራራዋል። ዴቪስ ትክክል ከሆነ ደግሞ የባንክ ሒሳባችንን የሚጠብቀው የዩኒቨርስ አድማስ ነው ማለት ነው። የትኛውም ባንክ ይህን በማስታወቂያው ላይ አለማካተቱ ይገርመኛል።

ሦስተኛ ዕድል አለ። መሐንዲሶቹ ስህተቱን ሁሉ አርመው፣ ሙቀቱን ቀንሰው፣ ጥበቃውን አጥብቀው፣ አሁንም ማሽኑ የሆነ ቁጥር ላይ ሲደርስ እምቢ ቢል፣ ምክንያቱም ባይገኝ፣ ያኔ መጀመሪያ የሚወድቀው ኤቨሬት ነው። ሌሎቹ የኳንተም ፊዚክስ ትርጓሜዎች ቀመሩ የሆነ ቦታ ላይ እንዲቆም ቀድሞውንም ፈቅደዋል ወይም ለመፍቀድ ቦታ አላቸው። ኤቨሬት ያለው ቀመሩ ብቻ ነው። የትም እንደማይቆም ነው የተናገረው፤ ለ53 ኪዩቢትም፣ ለ400ም፣ ለአድማሱ በሙሉም።